ዘይቱ ወተት ካልመሰለ ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው ያለህ ማን ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ባለ 1.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር የቤት መኪና አለኝ። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰውም ሥራ የምመላለሰውም በእሷ ነው። ከሁለት ወር በፊት ዳገት ላይ የሙቀት ጌጁ ቀዩን ነካ። ቆሜ አቀዝቅዤ፣ ውሃ ጨምሬ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ሊትር ያህል ውሃ ትጠጣለች፤ ከሥር ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፣ ነጭ ጭስም አላት። አንድ መካኒክ የዘይት ክዳኑን ከፍቶ አየና ‹ወተት የለውም፣ ጓርኒሲዮኑ ደህና ነው› ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። ሌላው ሞተር ቀይር አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት አለ ይላል። ማንን ልመን? እስከ ወሩ መጨረሻ ውሃ እየጨመርኩ ብነዳትስ ችግር አለው?»

ሦስቱንም አትስማ። አንደኛው ሳይመረምር በነጻ ለቀቃት፣ ሁለተኛው ሳይመረምር ፈረደባት፣ ጓደኛህ ደግሞ ሕመሙ ሳይታወቅ መድኃኒት አዘዘላት። ከጻፍከው ተነስቼ ስገምት የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ጋስኬት የምትሉት ማለት ነው፣ በአንዱ ሲሊንደር (ነዳጁ የሚቃጠልበት ጉድጓድ) እና በውሃ መተላለፊያው መካከል ተበልቷል። ግን ይሄም ግምት ነው። በግምት ሞተር አይከፈትም። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ምርመራ አለ፣ እሱን አስደርግ። እስከዚያ መኪናዋ ትቁም።

መጀመሪያ «ወተት የለውም» የሚለውን እናጥራ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጓርኒሲዮን በብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ ዋና አካል) እና በቴስታታው መሃል የምትገባ፣ ውፍረቷ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም የማይርቅ ስስ ነገር ናት። ሥራዋ ግን ከባድ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ያለውን እሳት፣ በዙሪያው የሚዞረውን ውሃና ወደ ቴስታታው የሚወጣውን ዘይት ሳይቀላቀሉ ትይዛለች። ሲሊንደሩ ውስጥ ጋዙ ለቅጽበት ከ2000 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ጥቂት ሚሊሜትር ራቅ ብሎ የሚያልፈው ውሃ ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ የምታየው ምልክት የሚወሰነው በየት በኩል በመበላቷ ነው። በውሃና በዘይት መካከል ከሆነ ወተት ታያለህ። በእሳትና በውሃ መካከል ከሆነ ዘይቱ ማር መስሎ ቁጭ ይላል፣ ውሃው ግን ተንኖ በማርሚታ፣ በጭስ ማውጫው፣ ይወጣል። በሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች መካከል ከሆነ ደግሞ ውሃም አይጎድል፣ ዘይትም አይበላሽ፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣና ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ ቆማ ስትሠራ፣ ይንቀጠቀጣል፣ በቃ። ያንተ ሁለተኛውን ይመስላል። ለሱ ደግሞ የዘይት ክዳን ከፍቶ ማየት ምንም አይነግርህም።

የተገላቢጦሹም አለ። ክዳኑ ሥር ቢጫ አረፋ ያየ ሁሉ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ ብሎ ይደነግጣል። መኪናዋ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ ከሆነ፣ በተለይ በቀዝቃዛ ወቅት፣ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ውስጥ ያለው እርጥበት ክዳኑ ሥር ጤዛ ይሆናል። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የመለኪያዋን ዘንግ መዝዘህ እያት። ዘንጓ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት በቡና ከመሰለ ወይም መጠኑ ሳትጨምርበት ከፍ ካለ ያን ጊዜ ደንግጥ። እሱም ቢሆን የዘይት ማቀዝቀዣ ባላቸው ሞተሮች ላይ ማቀዝቀዣው ውስጡ ተበስቶ ሊሆን ይችላል። ስንት ቴስታታ በከንቱ ወርዷል መሰለህ!

አሁን ወዳንተዋ እንምጣ። ጠዋት የምትንቀጠቀጠው ነገር ለእኔ ከጭሱ ይበልጣል። ማታ ሞተሩን ስታጠፋ ውሃው ገና ሞቃት ነው፣ ግፊትም አለው። ጓርኒሲዮኗ ላይ ቀዳዳ ካለ በዚያ ግፊት ውሃ ቀስ እያለ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፣ ፒስተኑ አናት ላይ ያድራል። ጠዋት ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሲያዞረው የዚያ ሲሊንደር ካንዴላ፣ ነዳጁን የሚለኩሰው ማለት ነው፣ እርጥብ ነው፣ እሳት አይሰጥም። ስለዚህ ሞተሩ ለጥቂት ሰኮንድ በሦስት ሲሊንደር ይሠራል፣ ውሃው ተቃጥሎ በነጭ ጭስ መልክ ሲወጣ ይስተካከላል። መካኒኩም «ስትሞቅ ደህና ናት» ይልሃል። አራቱንም ካንዴላ አስፈትተህ ጎን ለጎን ጨርቅ ላይ ደርድራቸው። ሦስቱ ቡናማ ወይም ግራጫ አመድ የቀባቸው ሆነው አንዱ በእንፋሎት እንደታጠበ ብርጭቆ ንጹህ ከሆነ፣ ሌባውን ይዘኸዋል። ቀዳዳው በዚያ ሲሊንደር በኩል ነው።

ነጭ ጭስ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። በቀዝቃዛ ጠዋት ማንኛዋም መኪና ትንሽ እንፋሎት ታወጣለች፣ ማርሚታዋም ውሃ ያንጠባጥባል። ይሄ ከነዳጁ ቃጠሎ የሚመጣ ውሃ ነው፤ ማርሚታው ሲሞቅ ይጠፋል። የሚያሳስበው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይለቅ፣ ወፈር ያለና የምትጠቀመው ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከሆነ ጣፋጭ ሽታ ያለው ጭስ ነው። አንተ ለሁለት ወር ንጹህ ውሃ ስለሞላህባት ሽታውን አትጠብቅ።

በእጅህ የምትሠራው አንድ ፈተና አለ፣ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሳ ሞተሩንና ራዲያተሩን የሚያገናኘውን የላይኛውን ወፍራም ጎማ፣ ማኒኮቶውን፣ ጨመቅ አድርገው። ሌሊቱን ከቀዘቀዘ ልስልስ ማለት አለበት። ከዚያ አስነሳትና ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ፣ ውሃው ገና ለብ ሳይል ደግመህ ጨምቀው። እንደ ተነፋ የብስክሌት ጎማ ከደረቀብህ ያንን ግፊት የሠራው የውሃው ሙቀት አይደለም፣ ገና አልሞቀማ። የገባው ከሲሊንደር የወጣ ጋዝ ነው። ጋዙ ውሃው ውስጥ ሲጠራቀም ሌላም ነገር ታያለህ፦ ጌጁ ሽቅብ እየወጣ ሳለ የውስጡ ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ይነፋል።

ጋራዥ ስትሄድ ደግሞ ይህን ጠይቅ። አንደኛ፣ የጋዝ ፍተሻ። ራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ ቱቦ ይደረግና ከውሃው በላይ ያለው አየር በፈሳሹ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። የቃጠሎ ጋዝ ካለ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይቀየራል፣ በናፍጣ ሞተር ላይ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሞተሩ ሞቆ፣ ትንሽ ነዳጅ እየተረገጠ ይደረግ፤ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ተደርጎ «ንጹህ ነው» ከተባልክ አትቀበል። ራዲያተሩም ትንሽ ጎደል ይበል፣ ውሃ ቱቦው ውስጥ ከተሳበ ፈተናው ይበላሻል። ሁለተኛ፣ የግፊት ፍተሻ። የራዲያተሩ ክዳን ላይ የተጻፈውን ያህል፣ ብዙ ጊዜ 1 ባር አካባቢ ነው፣ በእጅ ፓምፕ ይሞላና ይቆያል። ግፊቱ እየወረደ በውጭ ምንም ካልረጠበ ካንዴላዎቹን ፈትቶ በቀዳዳቸው በካሜራ ወይም በመብራት ማየት ነው። ፒስተን አናት ላይ የሚያብረቀርቅ ውሃ ካለ ክርክሩ አለቀ። ኮምፕሬሽን፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚፈጥረውን ግፊት፣ ማስለካትም ጥሩ ነው፣ በተለይ ሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ። ግን በውሃ በኩል ያለ ትንሽ ቀዳዳ ኮምፕሬሽኑን ላይነካው ይችላል፣ ስለዚህ «ኮምፕሬሽኗ አሪፍ ነው» ቢሉህ እሱም ነጻ አያወጣትም።

እነዚህ ሁሉ ንጹህ ከሆኑ ደስ ይበልህ፣ ውሃው በሌላ መንገድ እየወጣ ነው። የደከመ የራዲያተር ክዳን ቀላል ጠላት አይደለም። 1 ባር የሚይዝ ክዳን ውሃው እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርገዋል፤ ክዳኑ ካልያዘ ውሃው ቀድሞ ይፈላና በመንገድ ላይ እየተተፋ ይደርቃል፣ ቤት ስትደርስ ጠብታ አታገኝም። የውሃ ፓምፑን ሥር፣ የውስጡን ማሞቂያ፣ ከፊት ወንበር ምንጣፍ ሥር ያለውን እርጥበትም ማየት ነው።

ቴርሞስታቱን የጣለው ሰውዬ… ምን ልበልህ። ቴርሞስታት ተጨማሪ ጌጥ አይደለም። ሞተሩ በፍጥነት ወደ ትክክለኛው ሙቀቱ እንዲደርስና እዚያ እንዲቆይ የሚያደርገው እሱ ነው። ከወጣ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ቀዝቅዞ ይሄዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፤ ጭራሽ ጌጁ ዝቅ ብሎ ስለሚታይህ ችግሩ የተፈታ ይመስልሃል። አዲስ ግዛና አስመልሰው።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። አንዳንዱ ሙቀት ሲያገኝ እንደ ብርጭቆ የሚደርቅ ሶዲየም ሲሊኬት ነው፣ ሌላው ደቃቅ ጭረትና ብናኝ። ወደ ውጭ የምታንጠባጥብ ትንሽ ቀዳዳ ለጊዜው ሊደፍን ይችላል፣ አልዋሽህም። ከሲሊንደር በኩል በሚመጣ የቃጠሎ ግፊት ፊት ግን የመቆየት ተስፋው ትንሽ ነው። ደግሞ የት እንደሚደርቅ የሚመርጠው እሱ እንጂ አንተ አይደለህም። የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎች ሲደፍን ያኔ ሁለት ሥራ ይኖርሃል። ሊጣል የተወሰነ መኪና ላይ ለአንድ የመጨረሻ ጉዞ ካልሆነ አልነካውም።

«እስከ ወሩ መጨረሻስ?» አይሆንም። ምክንያቱን ልንገርህ። ያ ቀዳዳ ባለበት አይቆምም። የሚያልፍበት ጋዝ እንደ ብየዳ እሳት ነው፣ ጓርኒሲዮኗን በልቶ ሲጨርስ ቀጥሎ ያለውን የቴስታታውን አሉሚኒየም ይቦረቡራል። ዛሬ ጓርኒሲዮን ቀይሮ የሚዘጋው ነገር ያኔ ብየዳና ቶርኖ ይጠይቃል። ሁለተኛው አደጋ ያ ሌሊት የሚገባው ውሃ ነው። ውሃ አይጨመቅም። አንድ ቀን ጠዋት ትንሽ በዛ ያለ ከገባና ሞተሪኖውን ስትነካው ፒስተኑ መውጫ አጥቶ የሚያያዝበት ዘንግ ይጎብጣል፣ ያን ጊዜ ሞተር ቀይር ያለህ ሰውዬ ትክክል ይሆናል። ውሃው ወደ ዘይቱም መንገድ ካገኘ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) የሚዞርባቸው ብሮንዚኖች ይበላሉ። ከማርሚታው በፊት ያለው የጭስ ማጣሪያም አይተርፍም። ደግሞ ጌጁን አትመን፤ ውሃው ከጎደለ መለኪያው ባዶ እንፋሎት ውስጥ ስለሚቀር ሞተሩ እየተቃጠለ መርፌው ዝቅ ሊል ይችላል። የግድ አንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ካለብህ፣ እስከ ጋራዥ ብቻ፣ ቀዝቅዛ ሳለ ሞልተህ፣ ቀስ ብለህ። መርፌው ሽቅብ ማለት ከጀመረ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈትና ጥግ ይዘህ አጥፋ። ትኩስ ራዲያተር ክዳን አትንካ፤ ፊታቸውንና እጃቸውን ያቃጠሉ ሰዎችን አውቃለሁ። በፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ምርመራው ካረጋገጠ ቴስታታው ይወርዳል። እዚህ ላይ ነው ሥራው የሚበላሸው ወይም የሚያምረው። ከጥቂት ዓመታት ሥራ በኋላ ራሴን እንደ ትልቅ መካኒክ በቆጠርኩበት ጊዜ አንድ ቴስታታ አወረድኩ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መሃል ጥቁር የእሳት መስመር ነበር። «ይሄው ተገኘ!» ብዬ አዲስ ጓርኒሲዮን አልብሼ በነበሩት ብሎኖች አሰርኩት። ሳልለካ። በሦስተኛው ሳምንት በተጎታች ተመልሳ መጣች። የኋለኛውን ሥራ በነጻ ሠራሁት፣ ትምህርቱ ግን ሳይቀር ገባኝ።

መለካት ማለት ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ቴስታታው ፊት ላይ በቁመት፣ በወርድና በሰያፍ አስቀምጦ ሥሩ የስንት ውፍረት ስስ ብረት እንደሚገባ ማየት ነው። በብዙ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች የሚፈቀደው ጉብጠት 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ከፀጉር ያነሰ። ያንተን መኪና ትክክለኛ ቁጥር ከራሷ መመሪያ ውሰድ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ብሎክ እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ ቀዩን የነካ ቴስታታ ቀጥ ብሎ መገኘቱ ዕድል ነው። ከጎበጠ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቆረጥበትና የሚላጥበት) ሄዶ ፊቱ ይላጣል፣ ከዚያ በፊት ግን በግፊት ይፈተሽ። በቫልቮቹ መቀመጫ መሃል የተሰነጠቀ ቴስታታን ማስላጥ ገንዘብ መጣል ነው። አንድ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፦ ካምሻፍቱ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ቴስታታው ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ሥሩን መላጥ ላይኛውን አያቀናም። ካምሻፍቱ ቦታው ላይ ሆኖ በእጅ ሲዞር ከያዘ ቴስታታው መጀመሪያ መቃናት አለበት። ማስላጥም ገደብ አለው፤ ከገደቡ ካለፈ ፒስተንና ቫልቭ ይቀራረባሉ። የብሎኩ ፊትም ይለካ፣ እሱ ከጎበጠ ነገሩ ይከብዳል።

ቴስታታው ሲፈታ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ ብሎኖቹ ከዳር ወደ መሃል ይላላሉ። ሲታሰር ተቃራኒው፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በቶርክ ሬንች (የማሰሪያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)፣ በየደረጃው። ብዙ አዳዲስ ሞተሮች ላይ መጀመሪያ በተወሰነ ኃይል፣ ቀጥሎ በዲግሪ ይዞራል፣ ለምሳሌ 90 ከዚያ ሌላ 90። እንዲህ የሚታሰሩት ብሎኖች ሲጠብቁ ስለሚለጠጡ ብዙዎቹ ዳግም አይሠሩም፤ አዲስ ግዛ፣ እዚህ ላይ አትቆጥብ። የብሎን ጉድጓዶቹ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ቀርቶ ብሎን ከታሰረበት ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ በአየር ይነፉ። ፊቶቹን በሚሽከረከር የሸካራ ዲስክ አታስፈትግ፣ ብናኙ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚን ይበላል። መካኒኩ ጓርኒሲዮኗ ላይ ሲሊኮን ሲቀባ ካየህ አስቁመው፤ መመሪያው በስም ከጠቀሳቸው ጥቂት ቦታዎች በስተቀር በደረቁ ነው የምትገባው።

ተከፍቶ ሳለ ቺንጋውን (ካምሻፍቱን የሚያዞረውን ቀበቶ)፣ የውሃ ፓምፑን፣ የቫልቭ ላስቲኮቹን ቀይር፤ የጉልበት ዋጋውን አንዴ ከፍለሃል። ከሁሉ በላይ ግን ያን ቀን ዳገት ላይ ለምን እንደሞቀች ሳይገኝ እንዳይዘጋ። የራዲያተር ፋኑ በትክክለኛው ሙቀት ይነሳል? የራዲያተሩ ቱቦዎች በዝገትና በደለል አልተደፈኑም? ለዓመታት ባዶ ውሃ ከጠጣች ተደፍነዋል ብዬ እወራረዳለሁ። ይሄ ሳይፈታ የገባ አዲስ ጓርኒሲዮን ቀኑን ይቆጥራል።

ሞተር መቀየር ትክክል የሚሆነው ብሎኩ ከጎበጠ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ሞተሩ ነክሶ (ተጣብቆ አልዞር ብሎ) ከነበረ፣ ወይም ወተት የሆነ ዘይት ይዛ ብዙ ተነድታ ከሥር መንኳኳት ከጀመረች ነው። አንተ ከጻፍከው አንዱም የለም። ስለዚህ ፍርዴ ይሄ ነው፦ አቁማት፣ የጋዙንና የግፊቱን ፍተሻ አስደርግ፣ ከተረጋገጠ ቴስታታው ወርዶ ይለካ፣ ይፈተሽ፣ ካስፈለገ ይላጥ፤ በአዲስ ብሎን ይታሰር። «ቶርኖ አያስፈልገውም፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ለሚልህ ቁልፉን አትስጠው።

ከተዘጋ በኋላ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ይሞላ፣ አየሩ በደንብ ይውጣ። ዘይትና ፊልትሮው ያኔውኑ ይቀየር፤ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ከተገኘ ደግሞ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ይደገም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየጠዋቱ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ የውሃውን መጠን እይና ያን ማኒኮቶ ጨመቅ አድርገው። የወጣችውን አሮጌ ጓርኒሲዮን ደግሞ ሞተሩ ከመዘጋቱ በፊት ተቀበላቸው፤ የተበላችበት ቦታ ከታጠበው ካንዴላ ጋር ካልገጠመ ሌላ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው፣ ሳይዘጋ ጠይቅ።